ቁጥራቸውን ያልረሱት አባት

ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው የባሕር ማዶ ከተሞች አንድ የተለመደ ነገር አለ። ሰው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ከአገር ቤት ለመጣ ድምፃዊ የሙዚቃ ምሽት ገንዘቡን ቢያወጣ ማንም አይጠይቀውም። ወደ ፈረንጅ ቴአትር ቤት ገባ ከተባለ ግን «ምን ሊያይ? ምን ሊገባው?» ይባላል። በቀልድ ይነገር እንጂ ነገሩ መሠረት አለው። ቲኬቱ ውድ ነው፤ ሥራው አድካሚ ነው፤ አገር ቤት ደግሞ እጅ እጁን የሚያይ ዘመድ አለ። ስለዚህ ብዙ ወላጅ እነዚያን ያሸበረቁ አዳራሾች የሚያውቃቸው ከውጭ ነው፤ ወይ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ ወይ ሌሊት ሲያጸዳቸው፣ ወይ በራቸው ላይ ሰው ሲያወርድ።

ለንደን ውስጥ ለብዙ ዓመታት አውቶቡስ ያሽከረከሩ አንድ አባት ከእነዚህ ወላጆች አንዱ ነበሩ። በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በግሪኒች በኩል፣ አሥራ ሁለት ቢጫ ምሰሶዎች የወጠሩት፣ ነጭ ድንኳን የሚመስል ትልቅ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. ለ2000 ዓመት በዓል ተሠርቶ፣ ከ2007 ጀምሮ «ኦ ቱ» የተባለ፣ ወደ 20,000 ሰው የሚይዝ የሙዚቃ አዳራሽ ሆኗል። አባት እዚያ በር ድረስ ያደረሱትን ሰው ብዛት እግዜር ይወቀው። ለብሶ፣ ተሽቀርቅሮ፣ እየሳቀ የሚወርደውን መንገደኛ በመስታወት ያያሉ፤ በሩን ይዘጋሉ፤ አውቶቡሳቸውን አዙረው ይመለሳሉ። ውስጡ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አንድ ቀን እንኳ አልጓጉም።

ልጃቸው ግን ትጓጓ ነበር። ለንደን ተወልዳ ያደገችው ይህች ልጅ 16 ዓመት ሲሞላት ኬሚስትሪን ትታ የቴአትር ትምህርት መውሰድ እንደምትፈልግ ተናገረች። አባት የመለሱት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጠብ ቢያንስ ንግግር ነው። እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ እሷ በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ትመልሳለች። «በላሽ?» «የስ።» «በሩን ቆለፍሽ?» «የስ።» ከዚያ ክፍሏን ዘግታ ዘፈኗን ታዳምጣለች። እሳቸውም ከታች ሆነው ዜማውን በግድግዳው በኩል ይሰሙታል፤ ቃሉ ግን አይለያቸውም።

ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማ መሸጫ ውስጥ ሠርታ ካጠራቀመችው ሁለት ቲኬት ገዛች። አንዱ ለራሷ፣ ሌላው ለእናቷ ነበር። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2010፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 23 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ግን ሆስፒታል የሚሠሩት እናት ፈረቃቸው ተለወጠባቸው። ወደ ባላቸው ዞረው፣ «አንተ ሂድላት፤ ማታ ብቻዋን አትመለስም» አሉ። አባት የሄዱት እንግዲህ ሙዚቃ ሊሰሙ ሳይሆን ልጅ ሊጠብቁ ነው። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ አረፍ ብለው፣ የክት ኮታቸውን ለበሱ። እናት «ይርበዋል» ብለው በኮቱ ኪስ ዳቦ ቆሎ ጨመሩበት።

ባቡር ውስጥ «የቴአትሩ ስም ማነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱ በፈረንሳይኛ አነጋገር «ሌ ሚዜራብል» አለቻቸው። ስሙ ምንም አላስታወሳቸውም። ቴአትሩ በለንደን መታየት የጀመረበት 25ኛ ዓመት በዓል እንደሆነ፣ ሙሉ ቴአትር ሳይሆን ኮንሰርት እንደሆነ ነገረቻቸውና ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ።

ወንበራቸው ከጣሪያው ሥር ነበር። ደረጃው ቀጥ ያለ በመሆኑ አባት ብረቱን ጨብጠው ነው የወጡት። ወደ ታች ሲያዩ መድረኩ ላይ የቆመው ሰው የክብሪት እንጨት ያክላል፤ መልኩ የሚታየው በግዙፎቹ ስክሪኖች ነው። መድረኩ ላይ ቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ሲገባና ሲወጣ የሚታይ ዕቃ የለም። ከኋላ ኦርኬስትራው ተደርድሯል። ከእሱ በላይ የኅብረ ድምፅ ቡድኑ በረድፍ በረድፍ ቆሟል። ከፊት ማይክሮፎኖች ተተክለዋል። ዘፋኙ የቴአትሩን ልብስ ለብሶ ይመጣል፣ ማይክሮፎኑ ፊት ይቆማል፣ ይዘፍናል፣ ይመለሳል። የእንዲህ ያለ ኮንሰርት አሠራሩ ይኸው ነው። ታሪኩን ሁሉ የሚሸከመው ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀረውን ተመልካቹ በልቡ ይሠራዋል።

ሙዚቃው ተጀመረ። እስረኞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ዳቦ በመስረቁ ታስሮ፣ ለማምለጥ በመሞከሩ ቅጣቱ እየተጨመረበት፣ 19 ዓመት ቆይቶ ይፈታል። ሲወጣም ቢጫ ወረቀት ይሰጡታል፤ በደረሰበት ሁሉ ያን ወረቀት ማሳየት አለበት። ወረቀቱን ያየ ሥራ አይሰጠውም፣ ማደሪያም አያከራየውም። አባት ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ጥቂት ቆይቶ ጳጳሱ ብቅ ሲሉ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ «የብር መቅረዙን ይሰጡታል» አሏት።

ልጅቱ ደንግጣ አየቻቸው። «ሃው ዱ ዩ ኖው?» አለች።

«ይኼማ “መከረኞቹ” ነው!» አሉ አባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቪክቶር ሁጎ መጽሐፍ በደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «መከረኞቹ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ ተመልሷል። አባት የጥገኝነት ውሳኔ በሚጠባበቁበት ዘመን፣ ከሌሎች ስደተኞች ጋር በሚኖሩበት ቤት አንድ ሰው ከአገር ቤት በሻንጣ ያመጣው፣ ሽፋኑ የተላላጠ ቅጂ ነበር። ቤቱ ውስጥ በተራ ይነበብ ነበር። እሳቸው ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ልጅቱ ያኔ ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። አባት መጽሐፉን በስሙ እንጂ በፈረንሳይኛ አጠራሩ አያውቁትም፤ ልጅቱ ደግሞ ዘፈኑን እንጂ አማርኛ መጽሐፍ መኖሩን አታውቅም። አንዱን ታሪክ ሁለቱም ለየብቻቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቀው፣ አንድ ጣሪያ ሥር ይዘውት ኖረዋል።

ከዚያ በኋላ ተራው ተለወጠ። ልጅቱ ማን እየዘፈነ እንደሆነ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይነግሯታል። ስሙን ቀይሮ ከንቲባ የሆነው ዣን ቫልዣን፣ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው መያዙን ሰምቶ «ዝም ብል እኮነናለሁ፤ ብናገር እጠፋለሁ» ብሎ የሚጨነቅበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አባት የልጃቸውን ክንድ ያዝ አደረጉ። «አሁን ቁጥሩን ይናገራል» አሏት። ዘፋኙ አልፊ ቦ ያን የእስር ቤት ቁጥር 24601ን በከፍተኛው ድምፁ ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባት አላጨበጨቡም። እጃቸው ከልጃቸው ክንድ ላይ እንዳለ ቀረ።

የእረፍት ጊዜ ሲሆን ዳቦ ቆሎው ወጣ። ልጅቱም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች፤ በአማርኛ ጠየቀች። «አባዬ፣ አገር ቤት ቴአትር ታይ ነበር?» አለች። አባት ሳቁ። በልጅነታቸው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ገብተው ዘፈኑ፣ እስክስታውና ድራማው በአንድ መድረክ ላይ ሲፈራረቅ ማየታቸውን ነገሯት። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከኢጣልያ ወረራ በፊት ማለት ነው። ስለ ዮፍታሔ ንጉሤም አነሡላት፤ ቅኔ የተማሩ ሊቅ ሆነው ተውኔትም መዝሙርም ይደርሱ እንደነበር ነገሯት። ንግግራቸው እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም አሉ። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ያሉት ትዝ ብሏቸው ይሁን አይሁን አልተናገሩም። ከኪሳቸው ዳቦ ቆሎ ዘግነው ጨመሩላት።

ልጅቱም በተራዋ የምታውቀውን ነገረቻቸው። እሳቸው የፈረንጅ ዘፈን የሚሉት ሥራ ከየት እንደመጣ ስትዘረዝርላቸው መገረማቸው አልቀረም። ሁጎ መጽሐፉን የጨረሰው በስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ሉዊ ናፖሌዎን ሥልጣን በኃይል ሲይዝ ተቃውሞ ከፈረንሳይ ሸሸ፤ በ1859 ምሕረት ሲታወጅ እንኳ አልመለስም ብሎ በገርንዚ ደሴት ቀረ፤ መጽሐፉ በ1862 ወጣ፤ እሱ አገሩ የገባው በ1870 ነው። ታሪኩን ለመድረክ የዘፈን ግጥም ያደረገው አላን ቡብሊል የተወለደው ቱኒስ ነው። ዜማውን የሠራው ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ወላጆቹ ከሀንጋሪ የመጡ ናቸው። ግጥሙን በእንግሊዝኛ የጻፈው ኸርበርት ክሬትዝመር በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ለንደን የኖረ ነው። ቴአትሩ በፓሪስ በ1980፣ በለንደን ባርቢካን ደግሞ ጥቅምት 8 ቀን 1985 ታየ። ያኔ ከጋዜጣ ተቺዎች አብዛኞቹ አጣጥለውት ነበር፤ ተመልካቹ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ አዳነው።

መድረኩ ላይ የቆሙትም ቢሆኑ አባት እንደገመቱት አልነበሩም። ሕግ አስከባሪውን ዣቬርን የሚጫወተው ኖርም ሉዊስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የተማሪዎቹ መሪ ሆኖ የሚዘፍነው ራሚን ካሪምሉ ኢራን ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከአገሩ ወጥቶ፣ ካናዳ ያደገ ነው። ድሃዋን እናት ፋንቲንን የምትጫወተው ሊያ ሳሎንጋ የማኒላ ልጅ፣ ፊሊፒናዊት ናት። ፈረንሳዊ የሆነውን ታሪክ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ሰዎች እንግሊዝ አገር ቆመው ይዘፍኑታል።

የፋንቲን ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ፋንቲን ልጇን ለባዕድ ቤተሰብ አደራ ሰጥታ፣ ሩቅ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ፣ ገንዘብ የምትልክ እናት ናት። ልጅ የሚያሳድጉላት ባልና ሚስት «ልጅሽ ታማለች፣ ላኪ» እያሉ በውሸት ይጽፉላታል። እሷም ጸጉሯን እስከ መሸጥ ትደርሳለች። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ ወይም ለእኅቷ ትታ የመጣችውን ልጅ በስልክ ድምፅ ብቻ የምታሳድግ ሐበሻ ሴት ይህን ታሪክ ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልጋትም። ፊሊፒንም እንደዚሁ ሴቶች ልጆቿን ለቤት ሥራ በየአገሩ የምትልክ አገር ናት። ያን ማታ ፋንቲንን የማኒላ ልጅ ስትዘፍናት፣ አባት ባሕር ማዶ ሠርታ ልካ ሳታርፍ የሞተች እኅታቸውን አስበው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ልጅቱ አክስት እንደነበራት ታውቃለች፤ ምን ስትሠራ እንደነበር ግን የሰማችው ያኔ ነው።

ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ አራት ዣን ቫልዣኖች አብረው ወጡ። ከአልፊ ቦ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ኮልም ዊልኪንሰን፣ እንዲሁም ጆን ኦወን ጆንስና ሳይመን ቦውማን ነበሩ። ዣን ቫልዣን በጦር ግንባር ላይ ለተኛው ወጣት የሚጸልየውን ዘፈን በተራ እየተቀባበሉ፣ በኋላም በአንድነት ዘፈኑት። የጸሎቱ ሐሳብ ሽማግሌው ሞቶ ወጣቱ ይትረፍ የሚል ነው። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ባለበት አዳራሽ ሳል እንኳ አልተሰማም። አባት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደቆሙት ቆመው ሰሙት።

ወደ ባቡር ጣቢያ ሲወርዱ ልጅቱ ስለ ሌላ ኮንሰርት አጫወተቻቸው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1995፣ አሥረኛው ዓመት በሮያል አልበርት ሆል ሲከበር፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ 17 ዣን ቫልዣኖች የየአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ አስይዘው ገብተው በየቋንቋቸው ዘፍነው ነበር፤ ከጃፓን፣ ከሀንጋሪ፣ ከፖላንድ የመጡ ነበሩበት።

«በአማርኛስ?» አሉ አባት።

«አልነበረም።»

«መጽሐፉ ግን አለ» አሉ።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ልጅቱ አንድ ነገር ጠየቀች። «አባዬ፣ ቁጥሩን ሲናገር ለምን ያዝከኝ?» አባት ለጥቂት ጊዜ ሐዲዱን አዩ። ከዚያ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ረጅም ቁጥር፣ አንድም ሳይሳሳቱ፣ በእንግሊዝኛ ጠሩላት። ጥገኝነት ጠይቀው ሲጠባበቁ የተሰጣቸው የመዝገብ ቁጥር ነው። በየደብዳቤው ከስማቸው በፊት የሚጻፈው፣ በየመስኮቱ «ቁጥርህ?» ተብለው የሚጠየቁት እሱ ነበር። ስማቸውን በትክክል የሚጠራ አልነበረም፤ ቁጥራቸውን ግን ሁሉም በትክክል ይጽፈው ነበር። ዜግነት ካገኙ ስንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከልባቸው አልወጣም። «ስልክ ቁጥሬን እረሳለሁ፤ እሱን አልረሳም» አሏት።

ልጅቱ እንኳን ቁጥሩን፣ መጠባበቅ የሚባል ነገር እንደነበር አታውቅም ነበር። አባትና እናት «ልጅ አይሰማ» ብለው የደበቁት ታሪክ ነው። ለማሳዘን አልፈለጉም፤ ዕዳ እንዲሰማት አልፈለጉም። ልጅቱ ግን ዝምታቸውን የተረጎመችው በሌላ መንገድ ነው። ከአውቶቡሱና ከቤተ ክርስቲያኑ በቀር ስለ ምንም የማያውቁ፣ ምንም የማይሰማቸው ሰው ይመስሏት ነበር። ወላጅ የራሱን መከራ ሲደብቅ ከመከራው ጋር ራሱንም ይደብቃል።

የቴአትሩ ትምህርት ጉዳይ ያን ማታ አልተወሰነም። አባት «መጀመሪያ መጽሐፉን ጨርሺ» አሉ። የአማርኛው ቅጂ ከአንድ ወዳጅ ቤት ተፈልጎ መጣ። ልጅቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ነበራት፤ ማንበቧ ግን የሚንገዳገድ ነበር። አባት ሥራ በማይገቡበት ማታ ሁለት ሁለት ገጽ እየሆነ ተነበበ። እሷ ስታነብ እሳቸው ያርማሉ፤ እሷ ደግሞ ዘፈኑን ከፍታ ከገጹ ጋር ታስተያያለች። ከመጽሐፉ የጎደለውን ስታገኝ ትቆጣለች፤ ከዘፈኑ የጎደለውን ሲያገኙ እሳቸው ይቆጣሉ። ሥራው ዓመት ፈጀ። ዘፋኝ አልሆነችም፤ ዛሬ አስተማሪ ናት። ኬሚስትሪውም አልቀረም። ተማሪዎቿን ወደ ቴአትር ቤት ስትወስድ ግን አስቀድማ ታሪኩን ትነግራቸዋለች፤ ቤታቸው ሄደው ወላጆቻቸውን «ታውቁታላችሁ?» ብለው እንዲጠይቁም ታዛቸዋለች።

አባት ምግብ ቤት ውስጥ ጓደኞቻቸው «ኦፔራ ጀመርክ አሉ!» ብለው ሲቀልዱባቸው አይቆጡም። ቀልዱ ሲያልቅ ግን ምክር አላቸው። ቲኬት ውድ ነው ለሚል፣ የዚያ ኮንሰርት ቅጂ በዲቪዲ ወጥቷልና ቤት ተቀምጦ ማየት ይቻላል ይላሉ። እንግሊዝኛው አይገባኝም ለሚል፣ ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ ይበቃል ይላሉ። ከልጄ ጋር ምን አወራለሁ ለሚል ደግሞ መልሳቸው ጥያቄ ነው። «ቁጥርህን ነግረሃታል?» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ዝም ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳይሳሳት፣ ቁጥሩን ይጠራል።